ባሌ ጥርሱ ነጭ ነው

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ የማን ሰው ነዎት?» ብላ እናቴ አባቴን ስትጠይቀው የሰማሁት ወጥ ቤት ቆሜ ብርጭቆ ሳለቀልቅ ነው። አባቴ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሟል፤ በአንድ እጁ ሞቅ ያለ ወተት፣ በሌላው ዳቦ ይዟል። ወደ ውስጥ አልገባም። መግባት ካቆመ ሰንብቷል። አንድ እግሩን ካሻገረ ትጮኻለች፤ ስትጮህ ደግሞ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሕንጻው በሙሉ ይሰማል። ባለፈው ሳምንት ከላይኛው ፎቅ የሚኖረው ሰውዬ ደረጃ ላይ አስቁሞት፣ «በዚህ ዕድሜዎ የታመመች ሴት ያስለቅሳሉ? አያፍሩም?» ብሎታል። አባቴ የያዘውን የዳቦ ፌስታል ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዘዋውሮ ወደ ቤት ገባ።

«የቤቱ ሰው ነኝ» አላት አሁን።

«የቤቱን ሰውማ አውቀዋለሁ» አለች እናቴ። ቁጣ አልነበረባትም፤ በር ተሳስቶ ላንኳኳ ሰው እንደሚነገረው በትሕትና ነበር። «ባሌ ጥርሱ ነጭ ነው። ሲስቅ ከሩቅ ይለያል። እሱ ሲመጣ አብረን እንበላለን። እርስዎ ወተቱን ይውሰዱት፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

እህል ከቀመሰች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ውሃ ትጠጣለች። እኔ ለምኜ ለምኜ አንድ ቁራሽ ዳቦ ካጎረስኳት ጉንጯ ውስጥ ይዛ ትቆይና መልሳ በመሐረብ ትጠቀልለዋለች፤ «ለሱ ነው» ትለኛለች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ትናንት የእናቴን ክንድ በሁለት ጣቷ ለክታ፣ «እንደምንም ትብላ። እንዲህ ከቀጠለች አልጋ ትይዛለች፤ አልጋ ከያዘች ደግሞ ማንሳቱ ይከብዳል» ብላን ሄደች። እንደምንም ማለት እንዴት እንደሆነ ግን አልነገረችንም። እናቴ ድሮም አባቴ ሳይመጣ አትበላም ነበር። እሱ ደግሞ ሥራው ሰዓት አልነበረውም፤ ቀለሙ ካልደረቀ ሁለተኛውን እጅ መቀባት አይቻልም፣ ስለዚህ ያመሽ ነበር። እኛ ልጆቹ በልተን ስንተኛ እሷ ሰሃኑን በሰሃን ከድና ትጠብቀው ነበር። አሁን ሰውየውን ረስታ መጠበቁን አልረሳችም። ይሄ ነው ግራ ያጋባን።

አባቴ ወተቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባ። ቶሎ ስላልወጣ ሄጄ አየሁት። መስታወቱ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ የላይኛውን ከንፈሩን በአውራ ጣቱ ገልብጦ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዞረዋል፣ ይመልሰዋል። ይሄን አኳኋን አውቀዋለሁ። ጡረታ የወጣ ቀለም ቀቢ ነው፤ ሰፈር ውስጥ ስሙን የሚያውቅ የለም፣ ትልቁም ትንሹም «ጋሽ ብሩሽ» ነው የሚለው። አዲስ የተቀባ ግድግዳ ሲመረምር ልክ እንዲህ አንገቱን ሰበር አድርጎ በብርሃኑ ጎን ነው የሚያየው። ፊት ለፊት የሚታይ ግድግዳ ይዋሻል ይላል።

«አመመህ እንዴ አባዬ?»

«ምንም አላመመኝም። ጥርሴን ላስነጣ ነው» አለኝ ከንፈሩን ሳይለቅ። «ልበሺና ውሰጂኝ። ሐኪም ቤቱን አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ቀጥሎ ደነገጥኩ፤ በአንድ ቤት ሁለት ሰው እንዲህ ከሆነ እኔ ማንን ልይዝ ነው ብዬ። እሱ ግን እጁን ታጥቦ፣ ጸጉሩን በውሃ አለስልሶ፣ ለሥራ ለብሶት የማያውቀውን ኮት ከሶፋው ጀርባ አነሳ። የሚተኛው እዚያ ሶፋ ላይ ነው። ለእግሩ ስለማይበቃው ጫፉ ላይ ወንበር ያስጠጋል፤ ጠዋት ጠዋት ብርድ ልብሱን አጣጥፎ ከትራሱ ጋር ከሶፋው ሥር ይደብቀዋል፣ እንግዳ የመጣ እንደሆነ ምስጢራችን እንዳይታይ።

እናቴን የምትጠብቅልን አክስቴ መጣች። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ከእኛ ሁለት መንገድ አለፍ ብላ ትኖራለች። ደረጃውን ስትወጣ እያለከለከች፣ ከመቀመጧ በፊት ጉዳዩን ሰማች።

«ሚስትህ እህል አልቀመሰችም፣ አንተ ጥርስ ታስነጣለህ? ሰው ምን እንደሚል አስበሃል?»

«ሰው እንደሆነ ማለት ጀምሯል እትዬ።»

«ሽማግሌ ኮት ለብሶ ጥርሱን ካስነጣ አንድ ነገር አለ ነው የሚባለው። እኔ እንኳ እህትህ ባልሆን እላለሁ።»

«በይ እንግዲህ፣ አሁኑኑ በይና ይውጣልሽ» አላት። እናቴ ድምፅ ሰምታ ከአልጋዋ ቀና አለች፤ አክስቴን የቤት አከራይ አድርጋ ነው የምታያት። «የዚህን ወር ኪራይ ባሌ ሲመጣ እንከፍላለን፤ እንዳይከፋዎት» አለቻት። አክስቴ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዚህ ታለቅስ ነበር፤ አሁን ለምዳዋለች። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ «ለዚህ ወር ተዪው፤ ደግሞ ቤቱን በደንብ ነው የያዝሽልኝ» አለቻት። እናቴ ደስ አላት። እኔና አባቴ በሩን ቀስ ብለን ዘጋነው።

አውቶቡሱ ውስጥ አባቴ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ የሚያልፉትን ሕንጻዎች ያያል፤ አንዱን ሲያይ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። የቀባቸውን እየቆጠረ እንደሆነ አውቃለሁ። አሁን ሁለቱም ካረፉ በኋላ፣ አውቶቡስ ስሳፈር ያ የፊቱ ጎን ብቻ ነው ቶሎ የሚመጣልኝ፤ ፊት ለፊቱን ለማስታወስ ማሰብ አለብኝ። ያን ቀን ግን ተናድጄበት ነበር። ልለው የፈለግኩት፣ የረሳችህ ጥርስህን አይደለም፣ አንተን ነው፣ የሚል ነበር። ለአባት እንዲህ አይባልም። እሱ ግን ሐሳቤ የገባው ይመስል ጉልበቴን አንዴ መታ መታ አደረገኝ።

የጥርስ ሐኪም ቤቱ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ፕላስቲክ ወንበሮች በረድፍ ተደርድረዋል፤ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ ፎቶ ውስጥ ጥርሷ እንደ ሸክላ ሰሃን የሚያበራ ሴት ትስቃለች። አባቴ ሴትየዋን ትቶ ከሥሯ ያለውን ግድግዳ በጣቱ ነካው። «እርጥበቱ ሳይደርቅ ነው የቀቡት። ዓመት አይሞላውም፣ ይላጣል» አለኝ በሹክሹክታ። ከጎናችን የተቀመጠች ጉንጯ ያበጠ ሴት ልትስቅ ብላ ጉንጯን ያዘች። ዋጋውን ጠየቅን። አባቴ ዋጋ የሚቆጥረው በቀለም ሥራ ነው፤ ትንሽ አሰበና፣ «አንድ ሳሎንና አንድ መኝታ ቤት ጣራውን ጨምሮ» አለ። እንሂድ ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለም።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ የእኔ ታናሽ ልትሆን ትችላለች። አባቴን ወንበሩ ላይ አስተኝታ መብራቱን ፊቱ ላይ ስታመጣ ዓይኑን ጨፈነ። «ምን ልርዳዎት አባቴ?»

«ጥርሴን ነጭ አድርጊልኝ። ዛሬ።»

«ለሰርግ ነው?»

«እ… አዎ፣ ለሰርግ» አለ አባቴ። እኔ ጥጉ ላይ ካለችው ወንበር ሆኜ ጣሪያውን አየሁ።

ጥያቄ ጀመረች። ቀዝቃዛ ሲጠጡ ያምዎታል? ሲቦርሹ ይደማል? ያጨሳሉ? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? ሰውነትዎን የሚያስቆጣ መድኃኒት አለ? አባቴ መልስ በመለሰ ቁጥር ይጨነቃል፤ ፈተና መስሎታል። «ነፍሰ ጡር መሆኔንም ልትጠይቂኝ ነው?» ሲላት፣ «ሴት ቢሆኑ እጠይቅዎት ነበር፤ ለነፍሰ ጡር አንሠራም» ብላ ሳትስቅ መለሰችለት። ከዚያ ትንሿን መስታወት አፉ ውስጥ አስገብታ አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። ለእሱም በእጅ መስታወት አሳየችው።

«ይሄ የፊተኛው የእርስዎ ጥርስ አይደለም» አለችው።

«ከመወጣጫ ወድቄ ተሰብሮ ነው። ሸፈኑልኝ።»

«እሱን ነው የምለው። ማንጫው መድኃኒት የሚሠራው በራስ ጥርስ ላይ ብቻ ነው። ሽፋን አይነጣም፣ ሙሌትም አይነጣም። ሌሎቹ ነጥተው ይሄ አሁን ባለበት ይቀራል፤ መሐል ፊት ላይ ሆኖ ብቻውን ቢጫ ይሆናል። ያኔ እሱን መለወጥ ሊኖርብን ነው። ደግሞ እዚህ ጋ፣ ያዩታል? ተቦርቡሯል። በዚህ ቀዳዳ መድኃኒቱ ከገባ ነርቩን ነው የሚያገኘው፤ ሌሊቱን አያስተኛዎትም። ድድዎ ደግሞ ቆስሏል፣ ስነካው ይደማል። መጀመሪያ ይጠረጋል፣ ቀዳዳው ይሞላል፣ ድዱ ይድናል። ከዚያ በኋላ ከፈለጉ በአፍዎ ልክ ማቀፊያ ሠርተን፣ ቀስ እያልን በሳምንታት እናነጣዋለን። እሱም ቢሆን የዕድሜ ልክ አይደለም፤ ሻይና ሲጋራ ይመልሱታል። ቀዝቃዛና ትኩስ ለትንሽ ጊዜ ሊያንዘረዝርዎት ይችላል። ይህን ሁሉ አውቀው ነው መጀመር ያለብዎት።»

አባቴ አዳምጧት ሲያበቃ፣ «ግድግዳ ማለት ነው» አለ። «አሮጌውን ሳትፍቂ፣ ስንጥቁን በስቱኮ ሳትደፍኚ አትቀቢም።»

«ልክ እንደሱ!» አለች ዶክተሯ፣ ደስ ብሏት። ከመሳቢያ ውስጥ የትናንሽ ጥርሶች ረድፍ አወጣች፤ ከነጩ እስከ ቡናማው በተራ ተደርድረዋል። አባቴ ሲያየው ፊቱ በራ፤ የቀለም ናሙና ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ ለደንበኞች ሲዘረጋ የኖረው ዓይነት። ጣቱን ቀጥታ በጣም ነጩ ላይ አሳረፈ። «ይሄን ነው።»

«ይሄ የማንም አይደለም አባቴ፤ ይሄ የፎቶ ነው» አለች። ናሙናዎቹን አፉ አጠገብ እያስጠጋች አነጻጸረች። «እርስዎ እዚህ ነዎት። ጥርስ በዕድሜ ይጠቁራል፣ እውነት ነው። ግን የእርስዎ ከውስጥ የመጣ ቢጫ ነው፤ ተፈጥሮዎ ነው፣ በሽታ አይደለም። በወጣትነትዎም በጣም ነጭ የነበረ አይመስለኝም። ሰርጉ መቼ ነው?»

አባቴ መስታወቱን በእጁ እንደያዘ ነው። ዶክተሯ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ሰጠችን፣ በገበያ የሚሸጠውን ማንጫ ሁሉ እንዳይነካ አስጠነቀቀችው፣ እኔንም «አደራ» አለችኝ። ወጣን።

መንገድ ላይ ፀሐዩ በርትቷል። አባቴ አንድ የመድኃኒት ቤት በረንዳ ጥላ ሥር ቆሞ፣ «ለእትዬ ደውዪልኝ» አለኝ። የእናቴን ሁኔታ ሊጠይቅ መስሎኝ ደወልኩና ድምፁን ከፍ አድርጌ ሰጠሁት። መጀመሪያ ስለ እናቴ ጠየቀ። ተኝታለች፣ ከመተኛቷ በፊት ውሃ ጠጥታለች፣ ሌላ የለም። ከዚያ፣ «እትዬ፣ ድሮ፣ ያኔ ስንጋባ፣ ጥርሴ ነጭ ነበር አይደል?» አላት።

«ያንተ?» አለች አክስቴ። ሳቋ ስልኩን አንቀጠቀጠው። «እናታችን ነፍሷን ይማረውና ‹የዚህ ልጅ አፍ የደረሰ በቆሎ ነው› እያለች አልነበር የምትስቅብህ? ለፎቶ እንኳ ከንፈርህን ገጥመህ ነው የምትነሳው። ነጭ ጥርስ? ከየት አምጥተህ?» ቀጥላ ድምጿ ተለወጠ። «ምነው፣ ሐኪሙ ምን አለህ?»

«ምንም አላለም። እሺ በቃ፣ ደህና ዋይ።»

ስልኩን መለሰልኝ። ሰው በመካከላችን ያልፋል፣ አንድ ጋሪ የሚገፋ ሰውዬ «ዞር በሉ!» ብሎ ጮኸብን፣ ዞር አልን። ዶክተሯ የተናገረችውና አክስቴ የተናገረችው አንድ ሆነብኝ። እናቴ ስንት ወር ሙሉ የምትጠብቀው፣ ሲስቅ ከሩቅ የሚለየው ሰው ማነው? ከአባቴ በፊት ሰው ነበራት? ወይስ በሽታው የፈጠረው ነው፣ ከሆነ ግድግዳ ላይ ካለ ፎቶ የወሰደችው? እሷን መጠየቅ አይቻልም። አባቴን ለመጠየቅ አፌን ከፈትኩ፤ ሳልፈልግ፣ «ታዲያ ማነው?» ብቻ አልኩ።

«እኔ እንጃ» አለ። የተከፋም የተናደደም አይመስልም፤ አድራሻ እንደጠፋበት ሰው መንገዱን ወዲያና ወዲህ አየ። «ሥራ አምሽቼ ስገባ፣ ሰሃን ከድና ስትጠብቀኝ አገኛት ነበር። እኔ ያወቅኩት ይሄን ነው። ሌላውን አላውቅም።»

ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው መሄድ ጀመርን። ከማቆሚያው ቀደም ብሎ አንድ የውበት ሳሎን አለ፤ መስታወቱ ላይ «ጥርስ በግማሽ ሰዓት እናነጣለን» የሚል ተለጥፏል። አባቴ ቆመ። ሳየው ገባኝ፤ ክንዱን ያዝኩት።

«አባዬ፣ ዶክተሯ ያለችህን አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ድድህ ቁስል ነው፣ ጥርስህ ተቦርቡሯል። ሳይፋቅ አይቀባም ያልከው ራስህ ነህ!»

«ሳይፋቅ ቀብቼ አውቃለሁ» አለኝ። «ነገ ሙሽራ ይገባል፣ ዛሬ ጨርስልን የሚሉ ነበሩ። በእርጥቡ ትቀቢዋለሽ፣ ለአንድ ምሽት ያምራል፣ ከዚያ ይላጣል። እኔም የምፈልገው አንድ ምሽት ነው። አንድ ራት ትብላልኝ።»

«የምትጠብቀው እኮ አንተን ላይሆን ይችላል!» አልኩት። ወጣብኝ። እስከ ዛሬ ያ ቃል ጆሮዬ ላይ አለ።

ክንዱን ከእጄ ቀስ ብሎ አወጣ። «ማንም ይሁን። እሱን ካየች ትበላለች አይደል? እሱን ይዤላት ልግባ» ብሎ በሩን ገፋው።

የሳሎኑ ባለቤት ጥፍሯን እየሞረደች ነበር፤ ተነሥታ «ግቡ አባባ፣ ዛሬማ ወጣት አድርጌ ነው የምሰድዎት!» አለችው። አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። ጸጉር የሚታጠብበት ወንበር ላይ አስተኝታ፣ ከንፈሩን በፕላስቲክ ወጥራ፣ ወፍራም ጄል በትንሽ ብሩሽ ጥርሱ ላይ ቀባች፤ ብዙውም ድዱ ላይ ፈሰሰ። ሰማያዊ መብራት አበራችበት። አባቴ አፉ ተወጥሮ መናገር ስላልቻለ እኔ፣ «ድዱ ላይ ነክቷል» አልኳት። «እሱ ምንም አይልም፣ ውሃ ነው» አለች። ትንሽ ቆይቶ የአባቴ እግር ጣቶች ጫማው ውስጥ ሲኮማተሩ አየሁ። «ይቆጠቁጠዋል!» ስላት፣ «ከቆጠቆጠ እየሠራ ነው ማለት ነው። ውበት ያለ ሕመም የታለ?» ብላ ሬዲዮውን ከፍ አደረገችው። ከወንበሩ እጀታ ላይ የአባቴን እጅ አንስቼ ያዝኩት። ቀለም ሁልጊዜ ጥፍሩ ሥር አለ፤ ጡረታ ከወጣም በኋላ አልለቀቀም። ጨመቀኝ፤ አጥንቴ እስኪሰማኝ ድረስ።

ሲያልቅ መስታወት ሰጠችው። ጥርሶቹ ነጥተዋል፣ እውነት ነው፤ እንደ ኖራ፣ ብርሃን የሌለው ንጣት። መሐል ላይ ያ ሽፋን ብቻውን እንደ ድሮው ቢጫ ሆኖ ቆሟል። የድዱ ጫፍ በየቦታው እንደ ተቀቀለ ነገር ነጭ ሆኗል። «ይሄኛው እምቢ ብሎኛል» አለች ሴትየዋ በጥፍሯ ሽፋኑን እያንኳኳች፤ «ሌላ ቀን ቢመጡ እደግምልዎታለሁ።» አባቴ አንገቱን ሰበር አድርጎ በብርሃኑ ጎን አየው። «ይበቃል» አለ፣ ድምፁ እንደ ሰከረ ሰው ተኮላትፏል።

አውቶቡሱ ውስጥ የነፋሱ ቅዝቃዜ አፉ ውስጥ በገባ ቁጥር ትከሻው ይዘላል። መሐረቡን አፉ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ሕመሙ ወደ ጆሮው ወጥቶ ነበር። ወደ ዶክተሯ እንመለስ አልኩት፤ ራሱን ወዝውዞ እምቢ አለ። ቤት ስንደርስ አክስቴ በሩን ከፍታ መሐረቡን ከአፉ ላይ አነሳችው።

«ኧረ የፈጣሪ ያለህ! ምን አድርገውህ ነው? አንዷን ጥርስ ከጎረቤት የተዋስክ ትመስላለህ እኮ!»

አልመለሰላትም። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ፊቱን ታጠበ፣ ጸጉሩን አበጠረ፣ ኮቱን ቆለፈ። ወደ መኝታ ቤቱ በር ሲሄድ እኔና አክስቴ ከኋላው ቆምን። እናቴ ነቅታለች፤ አልጋው ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች፤ የአንገቷ አጥንት ከጠዋቱ የበለጠ ጎልቷል፣ ወይም ለእኔ እንዲያ ታይቶኛል። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ዞረች። አባቴ ሳቀላት፤ ዕድሜውን ሙሉ ከንፈሩን ገጥሞ የኖረ ሰው ጥርሱን በሙሉ አውጥቶ ሳቀ።

እናቴ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችው። 

«ምን ያስገለፍጥዎታል?» አለችው።

ፈገግታው ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ፤ የት እንደሚያስቀምጠው የጠፋው ይመስል ነበር። ከዚያ ሕመሙ መጣበት። ሲያቃስት የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ ከመወጣጫ ሲወድቅ እንኳ አላቃሰተም ብላ እናቴ ትነግረን ነበር። ጉንጩን በመዳፉ ይዞ የበሩን መቃን ተደግፎ ወረደ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔና አክስቴ ልናነሳው ስንል እናቴ ከአልጋው ወርዳ በባዶ እግሯ መጣች፤ አልጮኸችም። ጎንበስ ብላ ፊቱን አየችው።

«ጥርስ ነው?»

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ጥርስማ ክፉ ነው። ወንዱንም ያስለቅሳል። ከብርዱ ይነሱ፣ ይግቡ።» እጁን ይዛ ለማንሳት ሞከረች፤ አቅም የላትም፣ እሱ ግን እሷ እንዳነሳችው ሆኖ ተነሣ። ደፉን ተሻገረ። የገዛ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ተቀመጥ እስኪባል ጠብቆ፣ በጥንቃቄ ተቀመጠ። እናቴ ወደ እኔ ዞራ፣ «አንቺ ልጅ፣ ለእኚህ ሰው የማይታኘክ ነገር ሥሪላቸው» አለችኝ። ድምጿ የድሮው ድምጿ ነበር፣ የቤት እመቤት ድምፅ። ወጥ ቤት ገብቼ ካሮትና ድንች ቀቅዬ ፈጨሁ። ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን አላወቅኩም። በሩ ገርበብ ብሎ ስለተተወ ድምፃቸው ይመጣል።

«ሚስት የለዎትም እንዴ?»

«አለችኝ።»

«ታዲያ ይህን ያህል ሲያምዎት የት ሄደች?»

 «ትንሽ… ራቅ ብላለች» አለ።

«ትመጣለች። የኔም ያመሻል። ሥራ ነው፣ ምን ይደረግ።»

ሾርባውን በጎድጓዳ ሰሃን አድርጌ ስገባ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሰሃኑን ለእሱ ዘረጋሁለት፤ እናቴ ግን ነጥቃ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። «አንቺ ደግሞ፤ እንዲህ ትኩስ ነገር ለታመመ ጥርስ ይሰጣል?» ብላ በማንኪያ አማሰለችው፣ ነፋችበት። ማንኪያውን ወደ እሱ አፍ ወስዳ መሐል መንገድ ላይ ቆመች፤ ተጠራጠረች። ወደ ራሷ አፍ መልሳ ቀመሰችው። ዋጠችው። አክስቴ ከኋላዬ ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«አሁን ደህና ነው» አለች እናቴ፤ ቀጣዩን ማንኪያ ለእሱ ሰጠችው።

አባቴ ዋጠ። ፊቱ በሕመም ተጨማደደ፣ እንባው መጣ። ለጥቂት ጊዜ ሰሃኑን፣ ከዚያ እሷን አየ። አርባ ዓመት «አንቺ» ሲላት የኖረውን ሴት፣ «ገና ያቃጥላል፤ እባክዎ ይቅመሱልኝ» አላት።

ቀመሰችለት። ለእሱ አንድ፣ ለእሷ አንድ እያለ ሰሃኑ ከግማሽ በታች ወረደ። መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ምሽቱ ነፋሻ ነው፣ ሾርባው ከቀዘቀዘ ቆይቷል። እናቴ ማንኪያውን ሞልታ ወደ እሱ ስትዘረጋ፣ አባቴ ከንፈሩን ገና ሳያስነካው ፊቱን ዞር አደረገ።

«ያቃጥላል» አላት።

«ምን ዓይነት እሳት ነው እቴ» እያለች እናቴ ማንኪያውን ወደ አፏ ወሰደች።